ያላነበብኩላት ገጽ

መምህራችን አንድ ታሪክ ተነብቦ ሲያበቃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ዝም ይሉ ነበር። የዝምታቸው ርዝመት ፍርድ መሆኑን ለመረዳት ሁለት ቅዳሜ በቃኝ። ታሪኩ ደካማ ከሆነ መነጽሩ ጠረጴዛውን ሳይነካ መናገር ይጀምራሉ፤ ደህና ከሆነ ጥቂት ይቆያሉ። ለእኔ ታሪኮች የሚቆዩት፣ ዛሬ እንደማስታውሰው፣ አንድ ሰው ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨምሮ እስኪያማስል ያህል ነበር። ያን ያህል የሚቆዩለት ሌላ ሰው ስላልነበረ በዚያ ረክቼ ነበር። እሷ በመጣችበት በመጀመሪያው ቀን ግን መነጽራቸውን አስቀምጠው ውጭ የቆመው ባጃጅ ተሳፋሪ ሞልቶ እስኪነሣ ድረስ ዝም አሉ፤ ባጃጁ ከሄደ በኋላም አልተናገሩም።

በዚያች ሴት ላይ መቅናት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ቦታው ዲላ ነው። ዝናቡን ስለማስታውስ ክረምት ነበር እላለሁ፤ በእኛ በኩል ግን ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ስለሆነ ይህ ማስረጃዬ ብዙም አያስኬድም። ስምንት ሆነን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የአጭር ልቦለድ ዐውደ ጥናት እንካፈል ነበር። የሚመሩን ዕድሜያቸውን ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ያሳለፉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። የዐውደ ጥናቱ ሦስት ወር ሲያበቃ፣ ከስምንታችን ሥራ አንዱ ተመርጦ በአዳራሽ ውስጥ ለከተማው ሰው እንደሚነበብ ገና ከጅምሩ ነግረውናል። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ሥነ ጽሑፍ ነው። ያ አንድ ታሪክ የእኔ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም፤ አልተጠራጠርኩም ከማለት ይልቅ፣ ጥርጣሬው ወደ አእምሮዬ ሲመጣ ሌላ ነገር አስብ ነበር ብል ይቀርባል።

የክፍሉን ደንብ ማስረዳት አለብኝ፤ የሆነው ሁሉ የሆነው በደንቡ ምክንያት ነውና። አንደኛ፣ ማንም የራሱን ታሪክ አያነብም። ጸሐፊው ወረቀቱን ለመምህራችን ይሰጣል፤ እሳቸው ደግሞ ራሳቸው ሳያነቡት ከንባቡ አንድ ሳምንት በፊት ለሌላ ሰው ያስረክባሉ፤ ያ ሰው ተዘጋጅቶ መጥቶ ያነባል። ሁለተኛ፣ ቅጂ አይታደልም፤ ታሪክ መጀመሪያ በጆሮ መፈተን አለበት ብለው ያምናሉ። ሦስተኛ፣ ሂሱ እስኪያበቃ ድረስ ጸሐፊው አንድ ቃል አይተነፍስም። በዚያ ሰዓት ጸሐፊውን «ሟች» ነበር የሚሉት።

«ሟች ከቃሬዛው ላይ ተነሥቶ ለቀስተኛውን አያርምም» አሉን በመጀመሪያው ቀን።

ከሆስፒታሉ የምትመጣ አንዲት ጠና ያለች ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። «እኔ አይቼ ሳላረጋግጥ ማንም ሞተ አይባልም» አለች።

«ሲስተር፣ የኔን ታሪክ ግን አትንኪው» አላት አዲስ አበባ ያደገው የምሕንድስና ተማሪ። «በኦክስጅን ነው ያለው።»

አራተኛው ደንብ ስለ ቃል ነበር። «ጥሩ ነው»፣ «ወድጄዋለሁ» ማለት ክልክል ነው። የምንለው «ይታየኛል» ወይም «አይታየኝም» ብቻ ነው፤ ከዚያ የታየንን ወይም ያልታየንን ቦታ እንጠቁማለን። ተማሪው ይህን ደንብ በጣም ከመውደዱ የተነሣ ሻይ ቤት ስንገባም አስተናጋጇን «ስኳሩ አይታየኝም» ይላት ነበር።

እሷ የመጣችው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ወናጎ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ በሚኒባስ መጥታ በሚኒባስ ትመለሳለች። ዕድሜዋ ከእኔ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ያንስ ይመስለኛል። ያን ቀን እዚያው ተጽፎ ወዲያው እንዲነበብ ለመለማመጃ የተሰጠን፣ አንድን ሰው ሳናሳይ የእጁን ሥራ እንድናሳይ ነበር። እሷ አንድ ገጽ ጻፈች፤ ስለ አንድ በደንብ ያልጠፋ ጥቁር ሰሌዳ። የላይኛው ሩብ ሳይነካ ቀርቷል፤ ጠመኔው የተጠረገው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ከታች ጥግ ላይ አንዲት ፊደል ብቻዋን በጥንቃቄ ተዘላ ቀርታለች። ያጠፋው ማን እንደሆነ፣ ቁመቱ ምን ያህል እንደሆነና ያቺን ፊደል ለምን እንደተዋት አንድም ቦታ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ሁላችንም አወቅን። መምህራችን ያን ያህል ዝም ያሉት ለዚህች ገጽ ነው።

የሂሱ ተራ ሲደርሰኝ «ትንሽ ያጥራል» አልኩ። ትዝ የሚለኝ ይህ ብቻ ነው። ሌላም ብዬ ይሆናል፤ ባልኩ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅናቴን ያባሰው ትሕትናዋ ነበር። በእረፍት ሰዓት ደብተሯን ይዛ ትመጣና «መምህር፣ አንጻር የሚሉት ምንድን ነው? ያን ቀን አልገባኝም» ትለኛለች። አንቱ ትለኝ ነበር። እኔም በሰፊው አስረዳታለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ማስታወሻዬ እስከማስታውሰው ድረስ፣ አንደኛ መደብ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ሁሉን አወቅ ተራኪ፣ ውሱን ተራኪ። እሷ ሁሉንም ትጽፋለች። እየጻፈች ሳለ፣ እኔ የማስረዳትን ነገር ከእኔ በተሻለ እንደምትሠራው፣ ስሙን ብቻ እንደማታውቀው አስባለሁ። እኔ ዘንድ የነበረው ስሙ ነው።

በሰባተኛው ቅዳሜ መምህራችን የእሷን ታሪክ እንዳነብ ለእኔ ሰጡኝ። በእጅ የተጻፉ፣ በአንድ በኩል ብቻ ጽሑፍ ያለባቸው ስድስት ወረቀቶች ናቸው፤ ከላይ በቀኝ ጥግ ላይ ቁጥራቸው ተጽፏል፤ አልተሰፉም።

ያነበብኩት በሳምንቱ አጋማሽ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ታሪኩ ይህ ነው። እናታቸው ከሞተች ዓመት የሆናቸው ሁለት እህትማማቾች አሉ። የቤታቸው በር በስብሶ ስለወደቀ አባታቸው ጨለለቅቱ ከተማ ያሠራውን አዲስ የቆርቆሮ በር እንዲያመጡ ይልካቸዋል። በሩን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ታላቂቱ ከፊት፣ ታናሺቱ ከኋላ። መንገደኛው ሁሉ «ቤቱስ የት ቀረ?» እያለ ይቀልድባቸዋል። ይህ እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ይደክማቸውና በሩን በአንድ ዋንዛ ግንድ ላይ አስደግፈው ያቆሙታል። ታናሺቱ ለጨዋታ ዞራ ከበሩ ወዲያ ቆማ ታንኳኳለች። ታላቂቱ ዝም ትላለች። እንደገና ታንኳኳለች። ታላቂቱ በዚህ ጊዜ፣ እናታቸው ታደርገው እንደነበረው ቃሉን መጨረሻው ላይ ጎተት አድርጋ፣ «ማነው?» ትላለች። «እኔ ነኝ» ትላለች ታናሿ፤ ድምፅዋ ግን የጨዋታ ድምፅ መሆኑ ቀርቷል። «ግቢ፣ ክፍት ነው» ትላለች ታላቂቱ፤ ይህም የእናታቸው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ አንዳቸውም ዞረው ወደ ሌላዋ አይመጡም። ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ በሩን መሐላቸው አድርገው ይቆማሉ፤ ገጹም በዚህ ያልቃል። በስድስተኛው ገጽ ላይ በሩ ቤቱ ላይ ተገጥሟል። ምሽት ላይ የሆነ ሰው ያንኳኳል። አባትየው «ክፈቱ እንጂ» ይላል። ሁለቱም ከመቀመጫቸው አይነሡም።

ወረቀቶቹን ገልብጬ አስቀመጥኳቸውና የተማሪዎቼን ድርሰት ማረም ቀጠልኩ። ያን ቀን ለማንም ከግማሽ በላይ አልሰጠሁም።

እንግዲህ ትውስታዬ እምነት የሚያጣው ከዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ታሪኩን ሳነብ አራተኛው ገጽ በእጄ አልነበረም። እንዴት እንዳልነበረ ሦስት ዓይነት አስታውሳለሁ፤ ሦስቱም ግልጽ ናቸው። በአንደኛው፣ እርጥበቱ ወረቀቶቹን አጣብቋቸው ሦስተኛውና አራተኛው አብረው ይዞራሉ፤ ይህ ግን ሊሆን አይችልም፤ ገጹን በኋላ ያገኘሁት ቤቴ ነውና። በሁለተኛው፣ በዚያ ገጽ ላይ የማላውቀው ቃል ስለነበረ ትርጉሙን ልፈልግ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ፤ ወረቀቱን እዚያው ውስጥ እረሳዋለሁ። በሦስተኛው፣ ገጹን ለይቼ አወጣዋለሁ፤ መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው አውርጄ ውስጡ እከተዋለሁ፤ መልሼም እሰቅለዋለሁ። በየትኛው ቀን የትኛውን እንደማምን በማስረጃ ሳይሆን በዕለቱ ስሜቴ የሚወሰን ነው።

የማልጠራጠረው አንድ ነገር አለ። እያነበብኩ የሦስተኛውን ገጽ መጨረሻ ጨረስኩ፤ ወረቀቱን ከኋላ አደረግኩት፤ ከላይ በቀኝ ጥግ ላይ አምስት የሚለውን ቁጥር አየሁ። ከዚያም ቀጠልኩ።

አምስተኛው ገጽ «እንደገና ሲያነሡት በሩ ከብዶ ነበር» ብሎ ስለሚጀምር ክፍተቱ አልታወቀም። ሁለቱ እህትማማቾች አርፈው እንደተነሡ ሁሉም ገመተ። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ፊት ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ነበር። በሩ ይንኳኳል፤ ልጆቹ አይነሡም፤ ያበቃል።

መምህራችን መነጽራቸውን አስቀመጡና ወዲያው አነሡት።

«እንግዳ ቢሆንስ የመጣው?» አለች ሲስተር። «ሰው በር ላይ ቆሞ ቁጭ ይባላል? እኔ እነዚህ ልጆች አይታዩኝም። ባለጌ ናቸው ልበል?»

«እስከ በሩ መገጠም ድረስ ይታየኛል» አለ ተማሪው። «መጨረሻው ላይ ግን ኔትወርክ የጠፋ ነው የሚመስለው።»

ተሳቀ። እሷ በተቀመጠችበት ጥግ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፍ ነበር። ሟች ናት፤ አትናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየት ምን እንደነበረ ለብዙ ቀን ተርጉሜዋለሁ።

ተራዬ ደረሰ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ አንባቢ ሂስ እንዲሰጥ አይገደድም። እኔ ግን የምሰጠው ሂስ አጥርቶ የተዘጋጀ ነበር። «የመጨረሻው ድርጊት በታሪኩ ውስጥ አስቀድሞ አልተዘጋጀም» አልኩ። «ጸሐፊዋ ልጆቹ እንዳይነሡ ፈልጋለች፤ ልጆቹ ግን ያለመነሣት ምክንያት የላቸውም። ለዚህ ድርጊት መሠረት የሚሆን ትዕይንት ቀደም ብሎ መኖር ነበረበት።» መምህራችን ራሳቸውን ነቀነቁ። ትክክል ነበርኩ፤ በሕይወቴ ከሰጠኋቸው ሂሶች ሁሉ ይህኛው ትክክለኛው ነው። የጎደለውን ትዕይንት በልኩ ቆርጬ አሳየሁ፤ ልኩን የማላውቅበት ምክንያት አልነበረም።

ሂሱ ሲያበቃ ሟች ተነሥቶ ሦስት ዐረፍተ ነገር መናገር ይፈቀድለታል። «አመሰግናለሁ» አለች። «ያላችሁትን ጽፌዋለሁ። እንደገና እሠራዋለሁ።»

በዚያው ቀን መምህራችን ወደ በሩ እያመራን ሳለ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ለአዳራሹ ያንተን ሳይሆን አይቀርም የምንወስደው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቀድማኝ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። አውቃለች፣ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ የምመልሰውን ሦስት ቀን ሙሉ ተዘጋጅቼበት ነበር፤ የእርጥበቱን ታሪክ።

«መምህር፣ ያቺን ገጽ ስላወጡልኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

«የትኛዋን?»

«የማንኳኳቷን። ሲያልፏት መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ በኋላ ቤቴ ሄጄ ሳስብ ገባኝ። የልጆች ጨዋታ ናት። እርስዎ ካልተዋት በቀር ሌላ ሰው ጉድለቷን አይነግረኝም ነበር።» ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ሰጠችኝ። «አዲሱን ጽፌዋለሁ። ከመምህራችን በፊት እርስዎ ይዩልኝ።»

እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሠራ የሚችለው የእኛ ክፍል ሰው ብቻ ይመስለኛል። ዝም በል የተባለ ሰው ዝም ሲል፣ በጊዜ ብዛት ሌላው የሚያደርስበትን ሁሉ እንደ ትምህርት መቀበል ይጀምራል። የተማረ ሰው ከታሪኳ ውስጥ አንድ ገጽ ሲያስቀርባት፣ መጥፎ ገጽ ስለሆነ ነው ብላ አመነች።

አዲሱን ቤቴ አነበብኩት። መሐል ላይ የሁለቱን ልጆች ኀዘን የሚያስረዳ አንቀጽ ገብቷል። «የእናታቸው አለመኖር በቤቱ ውስጥ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ይታይ ነበር» ይላል። ዐረፍተ ነገሮቹ የተስተካከሉ፣ ጠርዛቸው የተሞረደ፣ ለመጨረሻው ድርጊት በቂ መሠረት የሚጥሉ ናቸው። ሁለት ገጽ ያህል ሳነብ ከየት እንደማውቃቸው ጠፋኝ። ከዚያ አወቅኩ። የእኔ ነበሩ። እኔን መስላ ጽፋ ነበር።

በሰው ሥራ መቅናት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን የተሰማኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያንን የዋንዛ ግንድና በበሩ ወዲህና ወዲያ የቆሙትን ልጆች ከእሷ በቀር ያነበብኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ አሉ፤ ማንም አያውቃቸውም። ለአንድ ምሽት ያህል ይህ ሀብት መሰለኝ። በማግስቱ ግን ተነሥቼ የራሴን ታሪክ፣ ለአዳራሹ የታጨውን፣ ማንበብ ብጀምር፣ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ «አይታየኝም» የሚል ሰው ጆሮዬ ላይ የተቀመጠ ያህል ሆነብኝ።

ረቡዕ ይመስለኛል፣ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ወናጎ ወረድኩ። ከትምህርት ቤቷ በር ፊት ለፊት፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ ጥላ ያላት ሻይ ቤት አለች። ተማሪዎቿ ሲወጡ አብራ ወጣች፤ እጅጌዋ በጠመኔ ነጭ ሆኗል፤ የደብተር ክምር ታቅፋለች። ስታየኝ ቆመች።

«መምህር፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው ሻይ ይጠጡ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሻዩ ሳይመጣ ገጹን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። «አሳጥሬልሽ አይደለም» አልኳት። «ደብቄብሽ ነው። ቀናሁብሽ።»

ወረቀቱን አነሣችና ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ የራሷ ጽሑፍ እንዳልሆነ ሁሉ አነበበችው። የሚኒባስ ረዳት «ዲላ፣ ዲላ» እያለ በአጠገባችን አለፈ።

«ጥሩ ነበረ ማለት ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ገጹ። ጥሩ ባይሆን ትደብቀው ነበር?» አንቱታው መቅረቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኳት። «እስካሁን በክፍላችን ከተጻፈው ሁሉ።»

«እኔ በየሳምንቱ የምመላለሰው ይህን ለመስማት ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንድ ሰው እንኳ ይታየኛል እንዲለኝ።»

ሻዩ መጣ። ገጹ እንዳይረጥብ ወደ ደረቷ አስጠግታ ያዘችው።

«እስቲ ንገረኝ፤ እንዴት ደበቅከው?»

«መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተትኩት።»

«መቼ?»

«ዐርብ። ሐሙስም ሊሆን ይችላል።»

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«አላስታውስም።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ብቻህን ከሆንክ ከማን ነው የደበቅከው?» ጠበቀችኝ። «ይሄ አይታየኝም» አለች ቀስ ብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምንለው አባባል። «ክፉ ሰው ለመሆን ቸኩለህ የጻፍከው ይመስላል።»

ተናድጄ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ልናዘዝ ሄጄ ኑዛዜዬ ተሄሰ። ከንዴቴ የተነሣ ይሆናል፣ ያላሰብኩትን ተናገርኩ። «ሦስተኛውን ገጽ ከኋላ አደረግኩት። አምስት የሚለውን አየሁ። አራት እንደሌለ አወቅኩ። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ቀጠልኩ።»

«ስትቆም ሰምቼሃለሁ» አለች። «ምራቅህን ዋጥክ።» ወረቀቱን አንድ የተማሪ ደብተር ውስጥ አስገባችው። «ይሄኛው ይታየኛል።»

ሁለት ልጆች «ደህና ዋልሽ፣ ቲቸር» እያሉ አለፉ፤ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር አለቻቸውና ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የቅዳሜውን እኔ እናገራለሁ። አንተ ዝም በል» አለችኝ። «ሻዩ ቀዘቀዘብህ።»

በመልሱ መንገድ ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ ስለ በደሌ ማሰብ ይገባኝ ነበር። ያሰብኩት ስለ ጥያቄዋ ነው። «ከማን ነው የደበቅከው?» ስንት ዓመት ድርሰት ሳርም ኖሬ፣ አንድን የተዋበ ዐረፍተ ነገር በአንዲት ጥያቄ እንዲህ ባዶ አድርጌ አሳይቼ አላውቅም። እንሰቱ በመስኮቱ በኩል እያለፈ ሳለ፣ ይህን ደግሞ ከየት ተማረችው እያልኩ ነበር። በመጻፏ መቅናቴ ሳያንስ በሂሷም ቀናሁ።

ቅዳሜ፣ ገና የማንም ታሪክ ሳይነበብ፣ እጇን አወጣች። «ያን ቀን ከታሪኬ አንድ ገጽ ወድቆብኝ ነበር» አለች። «በድጋሚ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ። አንባቢም ይቀየርልኝ።»

መምህራችን ወደ እኔ አዩ። ወደ እኔ ያዩ ይመስለኛል፤ እኔ ጠረጴዛውን ነበር የማየው።

«ቲቸር ድምፁ አለቀ ማለት ነው?» አለ ተማሪው። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ወረቀቱን ለእሱ ሰጡት፤ ያለ ዝግጅት፣ እየተንተባተበ አነበበ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼ ባነብ ከዚያ የተሻለ እንደማላነብ አውቃለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ «እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ አቆመ፤ ያነበበውን ለራሱ እንደሚሰማ ሰው። ሲያበቃ ሲስተር ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «እንግዲህ ልጆቹ ይቅር ይበሉኝ» አለች። መምህራችን ምን ያህል ዝም እንዳሉ አላውቅም፤ መስኮቱን አይ ነበር። ለአዳራሹ የእኔ እንደማይወሰድ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገም።

አዳራሹ ውስጥ ያን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን የመጡ ወጣቶች፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የወጡ ሠራተኞች ነበሩ። ደንባችን እዚያም ይሠራ ነበር፤ የጸሐፊው ስም የሚነገረው ንባቡ ካለቀ በኋላ ነው። ተማሪው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ ተዘጋጅቶበታል። እሷ የት እንደተቀመጠች ፈልጌ አገኘኋት፤ ከኋላ በኩል፣ ግድግዳው ሥር፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ።

በሩ ዋንዛው ላይ ተደገፈ። ታናሺቱ ዞረች። ተማሪው የመድረኩን ጠረጴዛ በጣቱ አላንኳኳም፤ ያንኳኳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወይም ተመኝቼ፤ ቢያንኳኳ ገጹ ይበላሽ ነበርና። «ማነው?» የሚለውን በራሱ ድምፅ፣ ሳይጎትት አለው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ የመቀመጫ ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

ሲያልቅ በአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ፣ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ማነው የጻፈው፣ ልጄ?» አሉኝ። «አንተ ታውቅ ይሆናል፤ ከእነሱ ጋር ስትገባ አይቼሃለሁ።»

«እንጃ» አልኳቸው። «አላውቅም።»

መምህራችን ወደ ድምፅ ማጉያው እየተጠጉ ነበር። ስሟን ሊጠሩ ነው። እስኪጠሩት ድረስ ለቀሩት ጥቂት ቅጽበቶች ስሟን ለራሴ አስቀረሁት።